አጥፋው

ሽቦ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ቀጭን ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ኪሱ ውስጥ፣ ጆሮው ላይ፣ የሸሚዙ ኮሌታ ላይ ሳይቀር የሽቦ ቁራጭ አይጠፋም። አንድ ጊዜ ሱሪውን ላሳጥርለት ተቀብዬ ከታችኛው እጥፋት አንድ እፍኝ ቁርጥራጭ አራገፍኩ። መቀሴን ልታበላሽብኝ ነው ብዬ ጮኽኩበት። እሱ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ አንድ በአንድ ለቀማቸውና «እነዚህማ ገና ይሠራሉ» ብሎ ይዟቸው ሄደ።

ሃያ ዓመት ሙሉ ጎረቤቱ ነኝ። እኔ ልብስ ሰፊ፣ እሱ ሬዲዮ ጠጋኝ፤ በመሃላችን አንድ የችፑድ ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። እኔም ካውያ አለኝ፣ እሱም ካውያ አለው። የእኔው ሱሪ ይተኩሳል፣ የእሱ ሽቦ ያጣብቃል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከተሰኩ ግን ቆጣሪው ይዘልና መብራት ይቋረጣል፤ ሁለታችንም እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን። ስለዚህ ችፑዱን በጡጫ ይመታና «ጎረቤት፣ ልሰካ ነው!» ይለኛል። እኔ የእኔን እነቅላለሁ። ሲጨርስ ደግሞ ይመታል፣ እኔ እሰካለሁ። ሰው በሚስቱም እንዲህ አይግባባም።

ሽቦ ዕቃ መጣል አያውቅም። ደንበኛ «ሞቷል» ብሎ ያመጣለትን ሬዲዮ ጆሮው ላይ አስጠግቶ ይነቀንቀውና «ተኝቷል እንጂ አልሞተም» ይላል። ስንቱን እንዳስነሳ እኔ ምስክር ነኝ። ያላስነሳውንም ቢሆን መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል እንጂ ሞቷል ብሎ አያውቅም። እኔ በዚህ እስቅበት ነበር።

ሚስቱን ሰፈሩ ሁሉ ቲቸር ይላታል። መዋዕለ ሕፃናት ነበር የምታስተምረው። የሚኖሩት ከሱቁ ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ስለሆነ ድምጿ ችፑዱን አልፎ እኔ ዘንድ ይደርስ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሽቦን በካልሲው፣ በጫማው፣ ባልጨረሰው ሻይ ትቆጣዋለች። እሱን ስትቆጣ እኔ እዚህ የስፌት መኪናዬ ላይ እግሬን እሰበስባለሁ። እንዲህ ያለ ድምፅ ነበራት፤ ሳይጮህ የሚያዝዝ።

ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ክፍል ውስጥ ሕፃናቱ እያዩ ወደቀች። ስትሮክ ነው አሉ። ቀኝ ጎኗ በሙሉ ከዳት፣ ንግግሯም አብሮ ሄደ። ግራ እጇ ቀርቷል፤ እሱም ከአውራ ጣቱ በቀር እንደ ልቡ አይታዘዝም። አእምሮዋ ግን ሙሉ ነው። ዓይኗን ያየ ሰው ያውቃል። ያ ነው የባሰው፤ ሁሉን እየሰሙ፣ ሁሉን እያወቁ፣ ውሃ ጠማኝ ማለት አለመቻል።

አሁን ስለ ማጫወቻዋ ልንገራችሁ። መዳፍ የምታክል፣ ጠርዟ የተላላጠ ሙዚቃ ማጫወቻ ናት። ከስድስት ዓመት በፊት ሽቦ ጠግኖ ለቲቸር ሰጣት። ዘፈን ታጫውታለች፣ ድምፅም ትቀዳለች። ቲቸር አፋቸውን ገና ለሚፈቱ ሕፃናት አርባ አንድ ቃላት ቀድታባት ነበር። «ውሃ። ውሃ። ውሃ።» ትላለች ቀስ ብላ፣ እያንዳንዷን ድምፅ እየለየች። «በር። በር። በር።» «እናት። እናት። እናት።» ማጫወቻዋን ይዞ የሚቀዳላት ሽቦ ስለነበረ እያንዳንዱ ቃል መጨረሻ ላይ «በቃ፣ አጥፋው» ትለዋለች፤ ይህቺም ንግግር አብራ ተቀድታለች። ቆርጦ ሊያወጣት አስቦ ሰነፈ። ሕፃናቱ ታዲያ ሙሉውን ነበር የሚደግሙት አሉ፤ «ውሃ፣ ውሃ፣ ውሃ፣ በቃ አጥፋው!» ቲቸር ይህን ስታወራ እንባዋ እስኪፈስ ትስቅ ነበር።

የንግግር ሐኪሟ ይህቺን ማጫወቻ ሲያያት ደስ አለው። «ከማንም ድምፅ የራሷ ይሻላታል» አለው ሽቦን። «ደጋግማ ትስማ፣ እየተከተለች ትሞክር። ግን ሰው አይጫንባት። ስትፈልግ ራሷ ትጀምረው፣ ራሷ ትመልሰው።»

ችግሩ የማጫወቻዋ ቁልፎች የምስር ፍሬ ነው የሚያክሉት። ጤነኛ ሰው እንኳ በጥፍሩ ነው የሚጫናቸው። ስለዚህ ሽቦ ሪሞት ሊጨምርላት ተነሳ። ሬዲዮም ጭምር። እሱ ፊት ለፊት ከደንበኛ ጋር ሲውል እሷ ጣሪያ ስታይ ነው የምትውለው፤ ከሰፈሩ ሁሉ ሬዲዮ የሌለበት ቤት ደግሞ የሬዲዮ ጠጋኙ ቤት ነበር። ሁሉም የሰው ነው፣ ሲድን ይወሰዳል።

ሁለት ሳምንት ፈጀበት። ሬዲዮውን ከአንድ ከተሰባበረ ቴፕ ፈታ። ሪሞቱንና የሪሞቱን ምልክት የሚቀበለውን ዓይን ከአሮጌ ቴሌቪዥን ወሰደ። በቀን አሥር ጊዜ ችፑዱን ይመታል፣ እኔ ካውያዬን እነቅላለሁ፤ የደንበኞቼ ሱሪ ሳይተኮስ ከረመ። ማጫወቻዋ ሆዷ ሞልቶ አልከደን ስላለች በጥቁር ፕላስተር ጠቀለላት። አንቴናው በመስኮት የወጣ ሽቦ ነው። መልኳ ያስጠላል። እኔም አንድ ነገር ላድርግ ብዬ ሪሞቱን የምትይዝ ከለስላሳ ጨርቅ የተሰፋች፣ ላስቲክ ያላት መያዣ ሠራሁ፤ ከቲቸር ግራ እጅ ጋር ታስራው አውራ ጣቷ ቁልፎቹ ላይ እንዲያርፍ። ሦስት ጊዜ ፈትቼ ሰፋኋት። በሕይወቴ ከሰፋሁት ሁሉ የምኮራው በእሷ ነው፤ አሁንም።

ሪሞቱ የታሰረላት ዕለት እዚሁ መኪናዬ ላይ ሆኜ ሰማሁ። መጀመሪያ ሬዲዮ መጣ፣ ከዚያ ጠፋ። ቀጥሎ «ውሃ። ውሃ። ውሃ። በቃ፣ አጥፋው።» ዝም አለ። ደግሞ ተጫነችው። ስንቴ እንደሆነ አልቆጠርኩም፤ አንድ ሙሉ ጃኬት ዘመዘምኩ። ድንገት ችፑዱ በጡጫ ተደበደበ። እኔ ሞኙ ሊሰካ ነው ብዬ ካውያዬን ነቀልኩ። «ው አለች!» ብሎ ጮኸ ሽቦ። «ጎረቤት፣ ው አለች!»

ከዚያ ቀን በኋላ የሰፈሩ ወሬ ይሄው ሆነ። ቲቸር «ው» አለች፤ ነገ «ሃ» ትላለች። ሽቦ ጢሙን ተላጨ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ቃላቱ ቅደም ተከተል አልነበራቸውም። አንድ ቁጥርን ስትጫን «መስኮት» ይመጣል፤ ውሃ ለማግኘት ሃያ ጊዜ መጫን አለባት፣ ጣቷ ይዝላል። በቁጥር ለመደርደር ኮምፒዩተር ያስፈልጋል፤ ኮምፒዩተር ያለው ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ዘፈን የሚጭነው ሰውዬ ነው። ያን ቀን ቲቸርን ትኩሳት ስለያዛት ሽቦ አጠገቧ መሆን ነበረበት። «እኔ አለሁ አይደል?» አልኩት። ምላሴን በቆረጠው።

«ያለውን በቁጥር ደርድርልኝ በለው» አለኝ። «ውሃ አንደኛ ይሁን። ሌላ ምንም አይንካ።»

መንገዱን ስሻገር ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ይቺ ሴት ቀኑን ሙሉ ውሃና በር ስትል ትውላለች፤ ለምን ጥሩ ጥሩ ዘፈን አልጨምርላትም? ስጦታ መሆኑ ነው። ለዘፈን ጫኙ እንዲህ አልኩት፦ «ውስጧ ያለውን በቁጥር ደርድርና እስክትሞላ ዘፈን ጫንባት። ከእኔ ነው።»

ሰውዬው ማጫወቻዋን ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኛት። ሲያገናኛት ያ አዲሱ ሬዲዮ በራሱ ጊዜ ተነስቶ ሽሽሽ እያለ ይጮህ ጀመር፤ የሱቁ ድምፅ ማጉያ ደግሞ በር ላይ ያንባርቃል። ጆሮዬ ጭው አለ። ሰውዬው ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ አንድ ነገር ተናገረ፤ አልሰማሁትም። ዞር ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ፦

«ጋሼ፣ ላጥፋው ወይ?» አለኝ።

«አጥፋው እንጂ!» አልኩት። «ጆሯችንን በጠሰው እኮ!»

አንገቱን ነቀነቀ። አጠፋው። ከትንሽ ጊዜ በኋላ ሬዲዮውም ዝም አለ፤ እኔም አመሰገንኩት።

ሽቦ ማጫወቻዋን ከእጄ ተቀብሎ ትራሷ ጎን አስቀመጣት። ቲቸር ዓይኗ በርቶ ነበር። አንድ ቁጥርን ተጫነች፤ የጭፈራ ዘፈን መጣ። ሁለትን ተጫነች፤ ዘፈን። ሦስት፤ ዘፈን። ሽቦ ፈገግ እንዳለ ወደ እኔ ዞረ።

«እሺ፣ የእሷስ ከስንት ቁጥር ላይ ነው የሚጀምረው?»

ማጫወቻዋን አንስቼ መንገዱን ግራ ቀኝ ሳላይ ሮጥኩ። ሽቦም ተከተለኝ። ዘፈን ጫኙ ሲያየን ግራ ገባው።

«ቦታ አልነበረም እኮ» አለ። «ስም የሌለው አርባ ምናምን ነገር ተደርድሯል፤ ዘፈኑ እንዲገባ ይሄን ሁሉ ላጥፋው ወይ ብዬ ጠየቅኩዎት። አጥፋው አሉኝ እኮ ጋሼ!»

«ሬዲዮውን ነው ያልኩህ!» ብዬ ጮህኩ። «ሬዲዮውን!»

ሬዲዮ ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል፣ የሰው ድምፅም ይጠፋል። ለሁሉም ያለን ቃል ይሄው አንዱ ነው። ሰውዬው ላይ መጮሄን ቀጠልኩ፤ እሱ ምን ያድርግ? ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ገና ስጮህ አውቀው ነበር። ሽቦ አልጮኸም። እንዲህ ብቻ አለኝ፦

«ዘፈን ማን ጠየቀህ?»

ዘፈን ጫኙ ደህና ሰው ነው። ሱቁን ዘግቶ ሁለት ቀን ሙሉ የጠፋውን ሲፈልግ ቆየ። ግን ዘፈኖቹ በላዩ ላይ ተጭነውበታል። ከአርባ አንዱ ቃላት አንድም አልተገኘም። የተረፈችው ከመጨረሻው ቅጂ ጫፍ ላይ ሁለት ሰከንድ የማትሞላ ቁራጭ ናት። ሽቦ ጆሮው ላይ አስጠግቶ ሰማት። «በቃ፣ አጥፋው» ትላለች።

«ሌላው ተኝቶ እንደሆነስ?» ብዬ ጠየቅኩት፤ የራሱን ቃል መመለሴ ነበር።

«ሞቷል» አለ ሽቦ። ይህን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ወዲህ ችፑዱን አይመታም። ሲሰካ ዝም ብሎ ይሰካል። ቆጣሪው ይዘላል፣ እኔም በግድግዳው ወዲህ ማዶ ቁጭ እላለሁ፣ እሱም ወዲያ ማዶ ቁጭ ይላል። ማንም ተነስቶ ቆጣሪውን አይመልስም፣ አንዳንዴ እስከ ምሳ ሰዓት።

ዘፈኖቹን አጥፍቶ ያቺን ቁራጭ አንድ ቁጥር ላይ አደረጋት። ሌላ የላትማ። የራሷ ድምፅ ይሻላታል ተብሏል፤ የራሷ ድምፅ ይሄ ነው። ቲቸር መጀመሪያ ላይ አልተጫነችውም። ሬዲዮ ብቻ ስትሰማ ሰነበተች። ከዚያ አንድ ቀን ጀመረች፤ «በቃ፣ አጥፋው።» «በቃ፣ አጥፋው።» ከጠዋት እስከ ማታ። እኔ የመኪናዬን መርገጫ በኃይል እየረገጥኩ እንዳልሰማ ሞከርኩ። እንዲህ ሁለት ወር ያህል አለፈ። ከዕለታት አንድ ቀን መኪናው ክር በጥሶ ዝም ባለበት ቅጽበት ሌላ ድምፅ ሰማሁ፤ ወፍራም፣ የተንሻፈፈ፣ ግን የቲቸር።

«አጥፋው።»

ሽቦ ካውያውን እንደያዘ በእኔ በር ገባ። ኩርፊያውን ረስቶት ነበር። «ሰማህ? ተናገረች እኮ!» አለኝና አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ደስታ ግን አልነበረም፣ ለምን ልዋሽ።

አሁን የምትችለው ቃል እሱ ብቻ ነው። ውሃ ሲጠማት «አጥፋው» ትላለች። ሲያማት «አጥፋው»። ሽቦን ስትጠራው «አጥፋው»፤ እሱም «መጣሁ፣ መጣሁ» እያለ ይሄዳል፣ ስሙ ያ እንደሆነ ሁሉ።

ትናንት መድኃኒት ሊያመጣ ሲወጣ «ቁጭ በልላት» አለኝ። ከዚያ ጉድ በኋላ ክፍሏ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። ሪሞቱ በሰፋሁላት መያዣ እንደታሰረ ነው። ሬዲዮው ዜና ያወራል። አየችኝ። ዓይኔን የት ላድርገው?

«አጥፋው» አለችኝ።

ሬዲዮውን አጠፋሁት።

«አጥፋው።»

ውሃ ሰጠኋት፤ አልዋጠችም። ትራሷን አስተካከልኩ፣ መጋረጃውን ሳብኩ፣ መለስኩ። «አጥፋው» ትለኛለች እንባዋ በአንድ ዓይኗ ብቻ እየወረደ። «ምኑን ላጥፋልሽ ቲቸር?» አልኳት። አንድ ቀን በደንብ ሳልሰማ «አጥፋው» ያልኩ ሰውዬ አሁን በደንብ እየሰማሁ ምን እንደሆነ አልገባኝም። ሽቦ እስኪመጣ ድረስ ያንኑ ስትለኝ ቆየች።

ወደ ሱቄ ተመለስኩ። ዛሬም ከችፑዱ ማዶ ሁለት ድምፅ ይመጣል፤ አንዱ የማጫወቻዋ፣ አንዱ የእሷ። እየቆዩ ተመሳስለዋል። ለመለየት መኪናዬን አቆማለሁ። «በቃ» የሚለው የማጫወቻዋ ነው። ቲቸር «በቃ» ማለት ገና አልቻለችም።