የማይተካውን አምጣልኝ

ባለቤቴ መኪና መንዳት የተማረችው ደሴ፣ ፎቶ ቤት ውስጥ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ነው። የሰርግ ፎቶ ታስተካክል ነበር። የሙሽራውን ላብ ትጠርጋለች፣ የሚዜውን የተጨፈነ ዓይን ትገልጣለች፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የመኪና እሽቅድምድም ጌም ትከፍታለች። ታዲያ ዝም ብላ አትጫወትም፤ «ዞር በል አንተ ቀርፋፋ!» እያለች ኮምፒውተሩን ትሰድበዋለች። እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። የዓለምን መንገድ ሁሉ በካርታ አውቀዋለሁ እያልኩ ስፎክርባት አንድ ቀን አስቀምጣ ገጠመችኝና መኪናዬ ገደል ገባች። ከዚያ ወዲህ ደፍሬ ገጥሜያት አላውቅም።

የመጀመሪያ እርግዝናዋ አምስት ወር ሲሆነው አስወረዳት። ወንድ ነበር። ሆጤ ሰፈር ያለው ቤታችን በጠያቂ ተሞላ፤ «አላህ ይተካላችሁ» ያላለ ሰው የለም። በደግ ልብ ነው የሚሉት፣ እኛም «አሚን» እንላለን። ሰው ሁሉ ሄዶ በሩ ሲዘጋ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና «ሌላ ይመጣ ይሆናል። እሱን ግን ማን ይተካዋል? ዕቃ ነው እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ይተካል» የሚለው ቃል ከቤታችን ወጣ። ብርጭቆ ሲሰበር እንኳ «ሌላ እንገዛለን» እንጂ «እንተካዋለን» አንልም። «ስንት ልጆች አላችሁ?» ለሚለኝ ሰው ደግሞ «ገና ነን» እል ነበር።

ሁለተኛው ሲመጣ ሐኪሙ «እስክትወልጂ ድረስ ትተኛለሽ። ሽንት ቤት ካልሆነ በቀር አትነሺም» አላት። ገና አራት ወር ከምናምን ይቀራል። እሷ ደግሞ አንድ ቦታ አርፋ መቀመጥ የማትችል ሴት ናት። በሳምንቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢው ገመድ ላይ የራሴ ሸሚዝ ውሃ እያንጠባጠበ ተሰጥቷል። አበድኩ። «ምን ነክቶሽ ነው? ልጁን አትፈልጊውም?» ብዬ ጮህኩባት። አፌን በቆረጠው! እሷ አልጮኸችም።

«የኮርኒሱን ሚስማር ቆጥሬ ጨረስኩ እኮ» አለችና አለቀሰች። «ሰውነቴስ ተኝቷል። ጭንቅላቴ ነው አልተኛ ያለኝ። ዝም ካልኩ ያ ያለፈው ነው የሚመጣብኝ።»

እዚያው ወሰንኩ፤ ጌም የሚያጫውት ላፕቶፕ እገዛላታለሁ። ለሶፋ ያስቀመጥነው ብር ነበር፣ ሶፋው ይቅር። የጎደለን እውቀት ነው፤ የጎደለኝ ማለቴ ነው፣ እሷማ ታውቃለች። ወረቀት አስይዛ አስጻፈችኝ፤ «ግራፊክስ ካርዱ ለብቻው ይሁን፣ የራሱ ሜሞሪ ይኑረው። ሥዕሉን ቶሎ ቶሎ የሚሥለው እሱ ነው። እሱ ከሌለ መኪናዋ እንደ ጋሪ ነው የምትጎተተው።»

ቧንቧ ውሃ ሰፈር አንድ ሱቅ ገባሁና ደረቴን ነፍቼ «ካርድ ያለው ላፕቶፕ አለ?» አልኩ።

ሰውየው ቀና እንኳ ሳይል «ላፕቶፕ አለ። ካርድ የስንት ልስጥህ?» አለኝና የሞባይል ካርዱን ዘርግቶ ሊቆርጥ ተዘጋጀ። ከኋላዬ የቆሙት ሁሉ ሳቁብኝ። «የሞባይል አይደለም፣ የጌም ነው!» ስል «አቦ፣ እንዲያ በለኝ እንጂ!» ብሎ አንዱን ላፕቶፕ ከፈተና ካርታ መጫወቻውን አሳየኝ። «ይኸው ጌም፣ ይኸው ካርድ! ወላሂ እንዲህ ያለ አታገኝም!» እውነቱን ነው፣ አላገኘሁም።

እኛው ሰፈር ሆጤ ያለው ሱቅ ይሻል ነበር። ከዱባይ የመጡ፣ ያገለገሉም አዲስም ላፕቶፖች ደርድሯል። የምጠይቀው ሲያልቅብኝ ስልኬን ላውድ አድርጌ ከባለቤቴ ጋር አገናኘሁት። አልጋዋ ላይ ተጋድማ ፈተነችው። «ሜሞሪው የካርዱ የራሱ ነው ወይስ ከዋናው የሚካፈል? ማራገቢያው ስንት ነው? ካርዱ በኋላ ይቀየራል አይቀየርም?» ሰውየው ላብ በላብ ሆነ። በመጨረሻ «ኢንጂነር፣ እኔ እኮ ነጋዴ ነኝ» አላትና ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኮምቦልቻ ሂድ። ሬዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ ሰውዬ አሉ፣ አሁን ኮምፒውተር ይጠግናሉ፣ ይሸጣሉም። እሳቸው አይዋሹህም።» ገበያውን አሳልፎ የሚሰጥ ነጋዴ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ቅዳሜ የአንድ ለአምስት ስብሰባዬን ቀርቼ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሰውየው ጠና ያሉ ናቸው፣ መነጽራቸውን በክር አስረው አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። መምህር መሆኔን ሲሰሙ ጊዜ ተማሪያቸው አደረጉኝ። አንድ ዴስክቶፕና አንድ ላፕቶፕ ጎን ለጎን አስቀመጡ። የዴስክቶፑን ጎን ከፍተው ባለ ማራገቢያ ነገር ሳብ አድርገው አወጡና እጄ ላይ አኖሩልኝ።

«ካርዱ ማለት ይሄ ነው። ይነሳል። ሲያረጅ፣ ሲቃጠል፣ የተሻለ ሲመጣ፣ አውጥተህ ሌላ ትተካለህ። ሳጥኑ እንዳለ ይኖራል።»

ቀጥለው ላፕቶፑን ገለበጡና ሆዱን ከፈቱት። «የዚህ ደግሞ ከዋናው ሰሌዳ ጋር ተበይዶ ነው እሚመጣ። ሰሌዳዋን እኛ እናቱ ነው እምንላት። ከእናቱ አይነሳም፣ ምትክም የለው። እሱ ከተቃጠለ እናቱንም ይዟት ነው እሚሄድ።»

የተማርኩ ሰው ነኝ፣ ገድ ምናምን አላምንም እላለሁ። ያን የተከፈተ ሆድ ሳይ ግን ባለፈው ጊዜ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ የነገረኝ መጣብኝ። ያኔ እሷም የተረፈችው ለጥቂት ነበር። ይህን አንድም ቀን አልነገርኳትም።

«ዴስክቶፑን ይስጡኝ» አልኩ ወዲያው።

«ለማን ነው?» አሉኝ።

«ለባለቤቴ። ነፍሰ ጡር ናት፣ አትነሺ ተብላ ተኝታለች።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ታዲያ በጀርባዋ ተኝታ ዴስክቶፕ እንዴት ልትጫወት ነው? መብራቱስ ሲጠፋ? እስቲ ደውልላት መምህር፣ የምትተኛው እሷ ናት።»

ደወልኩ። ስለ እናቱ የተባለውን ልደብቅ ቆርጬ ነበር። «ዴስክቶፑ ይሻላል፣ ጠረጴዛውን አልጋሽ ድረስ አስጠጋልሻለሁ። ጉልበቱም ይበልጣል፣ ደግሞ ካርዱ ቢበላሽ ይተካል» አልኳት።

ቃሉ ከአፌ ወጣ። ሰውየው ነገሩን ባያውቁትም ፊቴን አይተው ካቻቢቴያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«የላፕቶፑስ?» አለች።

«የሱ አይተካም። ከእናቱ ጋር የተበየደ ነው፣ አንዱ ከተጎዳ ሁለቱም ናቸው የሚሄዱት።» የማወራው ስለ ካርድ እንዳልሆነ ገባት፤ ሐኪሙ የነገረኝንም ሳታውቀው አልቀረችም።

«አብሽር» አለችኝ፣ እኔው የታመምኩ ይመስል። «የማይተካውን አምጣልኝ። ተጠንቅቀን እንይዘዋለን።»

የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ላፕቶፑን በጃኬቴ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አቅፌ ሚኒባሱ በዞረ ቁጥር «ሾፌር፣ ቀስ በል እንጂ!» እላለሁ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት «እንቁላል ነው እንዴ የያዝከው?» አሉኝ። «ከእንቁላልም ይብሳል» አልኳቸው። ደሴ እስክንገባ ድረስ ለእኔ ብለው ተጠግተው ተቀመጡ።

ቤት ደግሞ አማቴ ጠበቁኝ። ጌም ሲከፈትበት ላፕቶፑ ይግላል። መዳፋቸውን አስጠጉና «እሳት ልታስታቅፋት ነው?» ብለው ተቆጡኝ። እውነታቸውን ነው፤ እኔ ካርድ ካርድ ስል ስለ ግለቱ ማን አስቦ! አናጢ ዘንድ ሮጬ አጭር እግር ያለው ጠረጴዛ አሠራሁ። ከጎኗ ፍራሹ ላይ ይቆማል፣ እሷ በግራ ጎኗ ተኝታ ትነዳለች፣ ሆዷ ከግለቱ ራቅ ይላል። ካርዱንም እንደ ልጅ ተንከባከብነው። በየሳምንቱ የማራገቢያውን አቧራ በመኳኳያ ብሩሿ የምጠርገው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ስመለስ ገመዱ ባዶ ነው። ገና ከግቢው በር «ዞር በል አንተ ቀርፋፋ!» ሲል ድምፅዋ ይሰማኛል። አንዳንድ ቀን ሳልገባ እዚያው ቆሜ አዳምጣት ነበር፤ ያን ስድብ ምንኛ እንደናፈቅሁት! መብራት ሲጠፋ ባትሪው እስኪያልቅ ትነዳና «በል፣ ነዳጅ ጨረስን» ትላለች። አንድ ቀን እጄን ስባ ሆዷ ላይ አደረገችው። «ኩርባ ላይ ስገባ ይራገጣል። ፍሬን ያዢ እያለኝ ነው። በፍርሃቱ አንተን ነው የወጣው።»

እሱ ያልነው እሷ ሆነች። ባለቤቴ ቀኗን ጠብቃ ሴት ልጅ ወለደች። ነርሷ ብቅ ብላ «ሁለቱም ደህና ናቸው» ስትለኝ «ሁለቱም?» አልኳት። «ሁለቱም» አለች። «እናቷም?» አልኩ እንደገና። «ሰውየው፣ ሁለቱም አልኩህ!» ብላ ተቆጣችኝ። ግድግዳውን ተደግፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ቤት ስንገባ ያ ሁሉ ጠያቂ ተመልሶ መጣ፣ አሁን እየሳቀ። አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ልጅቷን ታቅፈው አዩዋትና «ይኸው፣ አላህ ተካላችሁ!» አሉ። እኔ ደነገጥኩ፣ ባለቤቴን አየኋት። አልተቆጣችም።

«አልተካም፣ እማማ» አለች ረጋ ብላ። «ይቺ ሁለተኛዬ ናት።»

አሮጊቷ ልጅቷን መልሰው እያስታቀፏት «እውነትሽን ነው ልጄ። ያም ልጅሽ ነው» አሏት።

ሰኞ መምህራን ማረፊያ ገና ስገባ ባልደረቦቼ ከበቡኝ። «ለመጀመሪያ ልጅህ እንኳን ደስ አለህ!» አሉኝ።

«ሁለተኛዬ ናት» አልኳቸው።