የተገመጡ ፀሐዮች

ይህ የሆነው ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ሰኔ ውስጥ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ከዚያ ወዲህ የዛፍ ጥላ ባየሁ ቁጥር ቆም ብዬ መሬት መሬቱን አያለሁ።

ያኔ በሰው አገር፣ ጠዋት ኦሮራ ከተማ ውስጥ የጎልማሶች ክላስ እማራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ፓርክ ሂል በሚባል ሰፈር ሚስ ሄለን የሚባሉ አሮጊት እንከባከባለሁ። ጡረታ የወጡ የሳይንስ አስተማሪ ናቸው። ከአልጋ አይወርዱም፤ ዓይናቸውም ከክንድ የራቀ ነገር አይለይም።

ትልቅ ሰው ሲያነጋግረኝ ቁጭ ብዬ መስማት አይሆንልኝም። ብድግ ብዬ፣ እጄን አጣምሬ፣ በአልጋውና በመስኮቱ መሃል እቆማለሁ። እሳቸውም፣ «አንቺ ልጅ፣ በርነቱ ያምርብሻል፣ መስኮትነቱን ግን ተይው» ይሉኛል። የአገሩ ሰው ብርሃን ሲጋረድበት እንዲህ እንደሚል አውቃለሁ። ቢሆንም ለአክብሮት ብዬ ቆሜ መነቀፌ ይከፋኝ ነበር።

የዚያን ቀን ጨረቃ ፀሐይን በከፊል እንደምትጋርድ ነገሩኝ።

«በዘጠና ዓመቴ ሌላ አልጠብቅም። መጋረጃውን ክፈቺልኝ፤ ደጅ ያለው ዛፍ ያሳየናል።»

ዛፍ እንዴት አድርጎ? ከፍቼ እንደ ልማዴ ቆምኩ።

«በሯ! ዞር በይልኝ እንጂ!»

ዞር አልኩ። ብርሃኑ በአልጋው ላይ አልፎ ከወዲያ ያለውን ግድግዳ በትንንሽ ፀሐዮች ሞላው። በየቅጠሉ መሃል ሾልኮ የገባው ሁሉ ሎሚ ሎሚ ያህላል፤ ሁሉም ልክ እንደተጋረደችው ፀሐይ በአንድ በኩል ተገምጧል። ነፋስ ሲመጣ አብረው ይርገበገባሉ። አማተብኩ።

ሚስ ሄለን ግን ፊታቸው ጠወለገ። «ብዥ ይልብኛል» አሉ ቀስ ብለው። «አይታየኝም።»

ፀሐይዋ ወደ ጎረቤት ጣሪያ እየወረደች ነው። ምን እንዳሰብኩ አላውቅም። አልጋውን ዞሬ በወዲያኛው በኩል ተጠጋኋቸውና፣ ነጭ ዩኒፎርሜን ወደ መስኮቱ ሰጥቼ ብርሃኑ መሃል ቆምኩ። ፀሐዮቹ ደረቴና እጅጌዬ ላይ አረፉ።

ሚስ ሄለን እጃቸውን ዘርግተው እጅጌዬ ላይ ያለችውን አንዷን ዙሪያዋን በጣታቸው ዞሯት።

«አሁን» አሉኝ፣ «ንቅንቅ እንዳትዪ።»

ጣሪያው ፀሐይዋን እስኪወስዳት ትንፋሼን ሳይቀር ቆጥቤ ቆምኩ።

ሚስ ሄለን አሁን የሉም። ብርሃን በቀጥታ መስመር ስለሚጓዝ፣ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ የፀሐይን መልክ ይዞ እንደሚያርፍ ፈተና ላይ ጽፌ ማርክ ካገኘሁ ቆይቷል። ያመንኩት ግን ያን ቀን፣ እጅጌዬ ላይ ሳየው ነው።