የሐሊማ የደም ውጤት

ጀልዴሳ መንደር የደረስኩት በጭነት መኪና፣ የእህል ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። ኪሴ ውስጥ ሐሊማ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትጠይቀኝ የኖረችው የደም ውጤት አለ። ደስ ብሎኛል... የምሥራች የያዝኩ ነው የመሰለኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ድሬዳዋ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ፣ ነበርኩ። ወባ የሚያጠኑ ፈረንጆች መጡና ሶማሊኛ ስለምችል አስተርጓሚ ሆኜ አብሬያቸው ጀልዴሳ ወረድኩ። ከሰዉ ጣት ደም እየወሰድን መዝገብ ላይ ለየስሙ ቁጥር እንሰጣለን። ሐሊማ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት ወጣት እናት ጨቅላ ልጇን እንዳቀፈች ጣቷን ሰጠችን።

«ደሜ ውስጥ ምን እንዳለ ትነግሩኛላችሁ?» አለችኝ።

ለፈረንጁ ተረጎምኩለት። ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

«ይነግሩሻል» አልኳት።

ደሙን ይዘው ሄዱ... በዚያው ጠፉ።

ሐሊማ ሰኞ ሰኞ የግመል ወተት ልትሸጥ ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ትመጣለች። ባየችኝ ቁጥር «ሐኪም፣ ደሜ መጣ?» ትለኛለች። «አባዮ፣ እህቴ፣ ገና ነው» እላታለሁ። እየቆየ አፈርኩ። ሰኞ ሲሆን በወተት ተራ ማለፍ ተውኩ። ለምን ያን ያህል እንደፈለገችው ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳትም።

በሦስተኛው ዓመት ከፈረንጆቹ አንድ ወፍራም ፖስታ ክሊኒካችን ደረሰ። ውስጡ የቁጥር ዝርዝር ነው። መዝገቡን አውጥቼ ከስም ጋር አመሳከርኩ።

ጀልዴሳ ከመኪናው እንደወረድኩ ሐሊማን ደጃፏ ላይ አገኘኋት።

«ምንም የለብሽም። ደምሽ ንጹሕ ነው።»

ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ወተቴስ?» አለችኝ።

«ወተትሽ ምን ሆነ?»

«ሁለት ልጆቼን ትኩሳት ገደለብኝ። ደሜን ስትወስዱ ጊዜ፣ በሽታው ከደሜ ወደ ጡቴ የሚወርድ መሰለኝ። ሦስተኛዋ እንዳትሞትብኝ ለእህቴ ሰጠኋት... ቢዮ አዋሌ መንደር። ውጤቱ ሲመጣ ላመጣት ነበር።»

ወባ በጡት ወተት አይተላለፍም። ይሄን ለመንገር ፖስታ መጠበቅ አያስፈልግም ነበር... አንዴ ብጠይቃት እዚያው ቀፊራ ቆሜ እነግራት ነበር። እየከበደኝ ነገርኳት። አላለቀሰችም። ሻሿን ፈታችና መልሳ አሰረችው።

«ሰኞ አብረኸኝ ሂድ። ለእህቴ አንተ ንገርልኝ» አለችኝ።

ሄድን። ልጅቷ ግቢው ውስጥ ግልገል ታባርራለች... ቁርጥ ሐሊማን። ሐሊማ ተንበርክካ እጇን ዘረጋችላት። ልጅቷ ሮጣ አክስቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጠች።

«ሆዮ፣ ይቺ ማናት?» አለች። ሆዮ በሶማሊኛ እናቴ ማለት ነው።

አክስትየው ማልቀስ ጀመረች። ሐሊማ ግን ድምጿን አለስልሳ፣ «እንግዳ ነኝ። ካንቺ ጋር ልጫወት ነው የመጣሁት» አለቻት።

ያን ቀን አልወሰደቻትም። ግመሎቹን ለወንድሟ ትታ ቢዮ አዋሌ እህቷ አጠገብ ጎጆ ቀለሰች። ከዓመት በኋላ ቀፊራ ሳገኛት ልጅቷ እጇን ይዛለች።

«አሁንስ ማን ትልሻለች?» አልኳት።

«ትንሿ ሆዮ» አለችኝ፣ ፈገግ ብላ። ከዚያ ፊቷን ወደ ልጅቷ አዞረች...

ይኸው ሸምግዬም የሐሊማ ነገር ይመጣብኛል፤ ውጤቱን እንኳ ዘግይቼም ቢሆን አደረስኩላት፣ ያቺ ልጅ አፏን የፈታችበትን ጊዜ ግን ከየት አመጣላታለሁ።