የእናቴ ጨጓራ

ሐይቅ ዳር ባለችው ከተማችን፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ እኛ ባለንበት ሰፈር፣ የተከበረ በሽታ ቢኖር ጨጓራ ነው። ጨጓራ ላለበት ሰው ተልባ ይመጣለታል፤ ሲቆጣ «ጨጓራው ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ ለቅሶ ቤት ቀይ ወጥ ሲቀርብ ለእሱ ብቻ አልጫ ይፈለጋል። እናቴ የድባቴ መድኃኒት ስትጀምር ለጎረቤት የተናገረችው ጨጓራ ነው ብላ ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ስፌት ወደ ውስጥ ማዞር ታውቃለች።

ምክንያት ነበራት። የምትሰፋው የሙሽራ ቀሚስ ነው። የሙሽራ እናቶች ደግሞ ቀሚሱ በማን እጅ እንዳለፈ ይጠይቃሉ፤ ፊቱ የማይፈታ ሰው የሰፋው ቀሚስ ትዳሩን ያጨፈግገዋል ባይ ናቸው። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ክኒኑን ጀምራው ነበር። የቤተ ክርስቲያን እህቶች መጥተው ጸለዩላት፤ ትንሽ ቀለል ሲላት «እንግዲህ ተፈውሰሻል፣ እምነትሽን በክኒን አታሳንሺ» አሏት፤ ተወችው። ብዙም ሳይቆይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ተቆርጦ ያልተሰፋ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አቧራ ጠጣ። ዳግመኛ ሐኪም ዘንድ የወሰድኳት እኔ ነኝ። «ጸሎቱንም ይቀጥሉ፣ ክኒኑንም ይቀጥሉ» አላት ሐኪሙ፤ «እኔን ሳይጠይቁ ግን እንዳያቆሙ።»

ስለዚህ ጨጓራ ሆነ።

ከሱቃችን ጎን የፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጡ ሴት አሉ፤ በዕድሜ እናቴን ስለሚበልጡ እሷም እኔም እትዬ እንላቸዋለን። እትዬ የጨጓራ ሊቅ ናቸው፤ የራሳቸው ጨጓራ ከሱቃቸው በፊት የተከፈተ ነው። ወሬውን እንደሰሙ የእናቴን ሆድ አስተዳደር ተረከቡ። ጠዋት ተልባ። ቡና የለም። ዳጣ የለም። እናቴ ደግሞ የሐይቁን ዓሣ ያለ ዳጣ ከመብላት ጨርቅ መብላት ይሻላል የምትል ሴት ናት። ዳጣውን የልብስ ቁልፍ በምታስቀምጥበት ቆርቆሮ ደብቄ አመጣላት ነበር፤ ከመጋረጃው ጀርባ እየላሰች በደስታና በቃጠሎ ታለቅሳለች። እኔም ስለ ጨጓራ ግጥም ጽፌ ለእትዬ አነበብኩላቸው።

«አንተ ልጅ፣ ደህና ነበርኩ እኮ» አሉኝ፣ ሆዳቸውን ይዘው።

ስለ ሌላኛው በሽታ ያላቸውን አስተያየት ማንም ሳይጠይቃቸው ይሰጡ ነበር።

«የጭንቀት ክኒን የሚባለው ሰው ያፈዛል» አሉ አንድ ቀን ደጃፋችን ላይ ተቀምጠው። «እሱ እምቢ ካለ ደግሞ ኤሌክትሪክ ነው የሚሰኩባቸው፣ ጭንቅላታቸው ላይ።»

እናቴ ስፒል በከንፈሯ እንደያዘች፣ «መብራት ሲጠፋስ፣ እትዬ?» አለች።

«ጄኔሬተር አላቸው አሉ።»

እኔ ሐኪሙን ጠይቄው ስለነበር ጣልቃ ገባሁ። «ሕመሙ ለጠናበት ሰው ነው፤ በማደንዘዣ አስተኝተው ነው የሚሰጡት። ብዙዎች ይሻላቸዋል አለ።»

«አስተኝተውትማ ከሆነ ምኑን ያውቀዋል» አሉ። «ደግሞ አንተ፣ ግጥሙ አልበቃ ብሎህ ሐኪም ሆንክ?»

ክረምቱ ሲወጣ እናቴ ተመለሰችልኝ። ማሽኑን እየረገጠች መዝሙር ታዜማለች፣ ከደንበኛ ጋር ትከራከራለች፣ ከእኔ ጋር ትጣላለች። ጣጣው የመጣው ይሄኔ ነው። በሰፈራችን የሚሠራ ክኒን እንደ እርሾ ነው፤ አንዱ ቤት ካለ ሌላው ቤት ይበደራል። እትዬ የእናቴን ፊት ሲያጠኑ ሰነበቱና፣ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ብርጭቆ ውሃ ይዘው ገቡ። የአንዲት ሙሽራ እናት የልጇን ቀሚስ ልታይ መጥታ ቆማ ነበር።

«ያንቺ ጨጓራ እንዲህ ካማረበት አንዷን ስጪኝ። ዛሬ ወላሂ አቃጥሎ ሊገድለኝ ነው።»

«ለእርስዎ አይሆንም፣ እትዬ።»

«ለምን አይሆንም? ያው ጨጓራ አይደል?»

«ሐኪም ያዘዘው ለእኔ ነው።»

«ተልባ ስፈጭልሽ ሐኪም አዞኝ ነው?»

ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወደ ሙሽራዋ እናት ዞሩ። «አየሽልኝ? ለክኒን ስትሰስት።»

በጎረቤት ፊት ስስታም ከመባል ምን ይከፋል ብዬ አሰብኩ፤ መልሱ ቀሚስ ታቅፎ ፊታችን ቆሟል። እናቴ ሴትየዋን አየች፣ ቀሚሱን አየች፣ ክኒኑ ያለበትን መሳቢያ አየች። አንዷን ብትሰጣቸው ነገሩ ያልፍ ነበር። ግን እትዬ የደም ግፊት መድኃኒትም ይወስዳሉ፤ ክኒን በክኒን ላይ ምን እንደሚያደርግባቸው ማናችንም አናውቅም። በከንፈሯ የያዘቻቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ አወጣች።

«የጨጓራ አይደለም። የድባቴ ነው። ጨጓራ የለብኝም።»

እትዬ ከሙሽራዋ እናት ወደ እናቴ ዞሩ። ከዚያ፣ «ያ ሁሉ ተልባ?» አሉ።

«ጠጥቼዋለሁ።»

«ዳጣስ?»

እናቴ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ጣሪያው።

የሙሽራዋ እናት ቀሚሱን ወደ ብርሃን አውጥታ ስፌቱን ከአንገቱ ጀምራ በጣቷ ዳበሰችው፣ ድባቴ ክር ላይ የሚቀር ይመስል። «እጅ ያንቀጠቅጣል እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

«ስፌቱ ተንቀጥቅጧል?» አለች እናቴ።

«የለም።» ደግማ ዳበሰች። «ቢሆንም እስክትጨርሺው እህቴ መጥታ አጠገብሽ ትቀመጣለች።»

«ትምጣ። ቁልፍ ትተክልልኛለች።»

እትዬ አሁንም አልሄዱም። «የዛሬውን ውጠሻል?»

«ሰው በዛብኝ፤ ገና ነኝ።»

ብርጭቆውን ወደ እሷ ገፉት። «እንግዲያው ዋጪ። ተይው የሚልሽ ካለ ወደ እኔ ላኪው።»

ዋጠች። ከዚያ እትዬን ጤና ጣቢያ እንዳደርሳቸው አዘዘችኝ፤ በባጃጅ ሄድን። እትዬ መንገዱን ሙሉ ሆዳቸውን ይዘው ለሹፌሩ ስለ ድባቴ አስረዱት፦ በሽታ እንደሆነ፣ ክኒን እንዳለው፣ ያፈዛል የሚሉትን እንዳይሰማ፣ ጎረቤታቸው እየወሰደች ቀጥ ያለ ስፌት እንደምትሰፋ። ሹፌሩ እንዳይጠራጠር ደግሞ ሱቋ የት እንዳለ፣ በሩ ምን ዓይነት ቀለም እንደተቀባ፣ ልጇም ይኸው አጠገባቸው እንደተቀመጠ ነገሩት።