አንድ ጎኑ ዘርፍ የሌለው አርማ

ቀይ ከፋይ አልወድም። ደብረ ማርቆስ ጨርቅ ተራ ሳልፍ ጥቅሉ በር ላይ ቆሞ ካየሁት፣ ባለሱቁ «ነይ እህቴ» ሳይለኝ እግሬ ይፈጥናል። አዲስ ከፋይ የራሱ ሽታ አለው፤ አቧራና ላምባ የተቀላቀለ ይመስላል። ያ ሽታ አንድ ታኅሣሥ ቤታችን ውስጥ ከርሟል።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው አምበር አጠገብ ነበር። ታላቅ እህቴ ትርንጎ ዐሥረኛ ክፍል ሆና ልቧን ታመመች። እግሯ ያብጣል፤ ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል፣ ስለዚህ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ታድራለች። ሐኪሞቹ የልቧ በር ጠቧል፣ ቀዶ ጥገናው አዲስ አበባ ነው፣ ተራ ጠብቁ አሉን። እናቴ ደግሞ መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም፤ እኔም የወረስሁት ከሷ ነው። ለገብርኤል ተሳለች፤ ልጄን ካዳንህልኝ በንግሥህ ቀን ከታቦትህ ፊት የሚሄድ አርማ አስገባለሁ አለች።

እስከዚህ ማንም እናት የምታደርገው ነው። ግን ስለት የሚገባው ሲሰምር ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው በእኛ አገር የለም። እናቴ አላስቻላትም። ትርንጎ ገና ሳትድን ከፋዩን፣ ወርቃማውን ክርና ዙሪያውን የሚሰፋውን ዘርፍ ገዝታ መጣች። በሰፈሩ ጥልፍ የሚያምርላት ትርንጎ ነበረች። ስለዚህ ለራሷ ነፍስ የተሳለውን አርማ ራሷ መስፋት ጀመረች።

የንስሐ አባታችን መምሬ አዱኛ ሊጠይቋት መጥተው ጨርቁን ሲያዩ ደነገጡ።

«ምነው አንች ሴት! ሳይሰምር?»

«አባቴ፣ እሱም ይሉኝታ አለው። ያለቀ አርማ እያየ ልጄን አይወስድብኝም» አለች እናቴ።

ትርንጎ ከመርፌዋ ቀና ሳትል፣ «እማዬ ገብርኤልን ቀብድ አስይዛዋለች፣ አባ» አለች። መምሬ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጋረዱት።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራዬ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ነበር። ደጅ አውድማው ላይ ጤፍ ይወቃል፤ ብናኙ በመስኮት ገብቶ ከፋዩ ላይ ሲያርፍ እፍ እላለሁ። ሥዕሉ መልአኩ ሦስቱን ልጆች ከእሳት ሲያወጣ ነው። እሳቱ አምሮላት ነበር፤ እጅ የሚፈጅ ይመስላል። «እነዚህ ሦስት ናቸው፤ እኔ አንድ ነኝ፤ አልከብደውም» ትለኝና ትስቃለች፤ ሳቋን ሳል ይቆርጠዋል።

ሥዕሉ አልቆ ዘርፉ ብቻ ሲቀር ግን እጇ ተንቀረፈፈ። ቀን የሰፋችውን ማታ ትፈታዋለች። «ጠሟል» ትላለች። እኔ ሳየው ቀጥ ያለ ነው።

«ንግሡ ደረሰ እኮ! ምን ነካሽ አንች ልጅ?» እናቴ ትቆጣለች።

እናቴ ጓሮ ስትወጣ ትርንጎ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። «ሥራዋን ያልጨረሰች ሴት ማን ይወስዳል?» አለችኝ። ያኔ ነው የገባኝ። እናቴ ባለቀ አርማ፣ ትርንጎ ባላለቀ አርማ፣ ሁለቱም ያንኑ ሞት ከደጅ ሊያስቆሙት ነበር።

ንግሡ ሳምንት ሲቀረው ከትምህርት ቤት ስመጣ፣ እንደ ሁልጊዜው ግድግዳውን ተደግፋለች። ከፋዩ ጭኗ ላይ ነው። ሦስቱ ጎን ተሰፍቷል፤ መርፌው አራተኛው ጎን መጀመሪያ ላይ ተሰክቷል። ክር አልቆባት የምትጠብቀኝ መስሎኝ አዲስ ክር በምራቄ አርሼ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ብዙ ተቀመጥሁ።

ስለት የሚያስገባ ሰው ሲቀርብ ካህኑ ስለቱ ሰመረለት ብሎ ያውጃል፤ ሕዝቡም እልል ይላል። ደንቡ ይኸው ነው። በንግሡ ቀን እናቴ ጥቁር ለብሳ፣ ጎዶሎውን አርማ ተሸክማ ሰው መሃል ገባች። መምሬ አዱኛ ተቀበሏት፤ «ስለቱ» ብለው ጀመሩና ትተው አርማውን በመስቀላቸው ባረኩት። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ከበሮው ቆመ።

«እልል በሉ እንጂ!» አለች እናቴ። «እኔ እንደሆን ቃሌን አላጠፍሁም።»

ማን እንዳጠፈ ሁሉም ገብቶታል። ከኋላ አንዲት ሴት እልልታ ጀመረች፤ መሃል ላይ ሲደርስ ለቅሶ ሆነ።

አሁን ትርንጎን በዕድሜ አልፌያታለሁ። አርማው ዛሬም በየዓመቱ ይወጣል፤ እሳቱ በፀሐይ ነጥቶ የማያቃጥል ሆኗል። ዘንድሮ መንገዱ በጦርነቱ ተዘግቶ፣ በእግሬ ከሄድሁት ከእኔ ሌላ ከማርቆስ የመጣ ሰው አልነበረም። በልጅነቴ በዚያ ግቢ ጥቁር የለበሰች እናት አንድ የኔዋ ነበረች። ዘንድሮ ነጭ የለበሰች ፈልጌ ነው ያገኘሁት። እንደ እናቴ ስለታቸውን ቀድመው ያስገቡ አልጠፉም መሰለኝ፤ ምክንያቱን አልጠየቅኋቸውም። ያኔ መልአክ ይሉኝታ አለው ብዬ አምን ነበር። አሁን ይሉኝታ ያለው ሰውም ብርቅ ሆኖብኛል።

አርማውን የያዘች አንዲት የሰንበት ተማሪ እናቴን አይታ ቀረበች። «እማማ፣ ይችን ጎን እንስፋላት? ጎዶሎ ሆና ታስጠላለች» አለች። ልጅቷ ታሪኩን አታውቅም።

የተረፈው ዘርፍ ከነመርፌው እናቴ ሣጥን ውስጥ አለ። እናቴም ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ።

«ተይው ልጄ» አለቻት ወደ ታቦቱ እያየች። «እሱ ራሱ ይጨርሰው።»