ስክሪኑ ላይ የሰቀልኩት ኮፍያ

ታወር ክሬን ላይ መጀመሪያ የወጣሁት ፍኖተ ሰላም ነው። ክሬኑ ተፈታቶ በተሳቢ ሲገባ ዋናው መንገድ ላይ ባጃጁም የፈረስ ጋሪውም ቆሞ ነበር። ተገጣጥሞ ሲያልቅ ያሠለጠነኝ ኦፕሬተር ውጣ አለኝ፣ ወጣሁ። መሰላሉ መሐል ላይ ስደርስ ቁልቁል አይቼ ቆምኩ። እሱ ከሥሬ እየተከተለ «የያዝከውን ብረት ብቻ እይ» ይለኛል። ካቢኑ ውስጥ ገብቼ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ሸሚዜ በላብ ርሶ ነበር።

የዚያን ቀን አንዲት ብሎኬት እንኳ አላነሣሁም። ማንሻዎቹን ብቻ አስጠናኝ። በግራ እጅ የክሬኑን ክንድ ታዞራለህ፣ በክንዱ ላይ የሚመላለሰውን ትሮሊ ታስኬዳለህ፤ በቀኝ እጅ መንጠቆውን ታወርዳለህ፣ ታነሣለህ። በመጨረሻ አንድ ነገር ነገረኝ። ዓይንህ የደረሰበትን ራስህ ታያለህ፤ ሕንፃው የጋረደብህን ደግሞ ታች ሬዲዮ ይዞ የሚቆመው ምልክት ሰጪ ያይልሃል፤ እሱ ነጻ ነው ካለህ ነጻ ነው አለኝ። ይህን ይዤ ብዙ ዓመት ሠራሁ።

ጥሩ ስምም አወጣሁ። አርማታ የሞላ ባልዲ ጠብታ ሳላፈስ የሚሞላው ምሰሶ አፍ ላይ አደርስ ነበር። ቁጣዬ ግን ቅርብ ነው። ብረት አሳሪው ፌራዮ እስሩን አላልቶ ከላከልኝ በሬዲዮ የማልለው የለም፤ ሳይቱ በሙሉ ይሰማኛል። ባለቤቴ ማታ ስገባ ገና በሩን ሳልዘጋ «ዛሬስ ማንን ስትሳደብ ዋልክ?» ትለኝ ነበር።

ነገሩ የሆነው ቡሬ ነው። ከከተማው ዳር ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ እንሠራለን። የሳይቱ ኃላፊ ኢንጂነር ትዕግስት ትባላለች፤ የመራዊ ልጅ ናት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። የአራተኛው ፎቅ ወለል፣ ሶሌታው፣ ከተሞላ በኋላ የሕንፃው ጀርባ ከካቢን አይታይም ነበር። ፌሮው፣ የአርማታ ብረቱ፣ የሚራገፈው ደግሞ እዚያው ጀርባ ነው። እና ኢንጂነሯ ካሜራ አስመጣች።

ካሜራው ትሮሊው ላይ ተገጠመ፣ መንጠቆውን ከላይ ቁልቁል ያያል። ስክሪኑ ካቢኑ ውስጥ በግራ ጉልበቴ በኩል ተሰቀለ። ሌላ ስክሪን ቢሮ ውስጥ አለ፤ የታየው ሁሉ ይቀዳል። ቴክኒሻኑ እያሳየኝ ሳለ ደሜ ፈላ። ዓይኔ ሳይደክም መነጽር ተገዛልኝ እንዴ፣ ደግሞስ ሥራዬን ቢሮ ተቀምጣችሁ ልትቆጣጠሩኝ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ኢንጂነሯ አልተቆጣችም።

«ጋሽ ስንሻው፣ እርስዎን ለማየት አይደለም» አለችኝ። «እርስዎ እንዲያዩበት ነው።»

እሺ አልኩ። በማግስቱ ኮፍያዬን አውልቄ ስክሪኑ ላይ ሰቀልኩት። ልክክ ብሎ ሸፈነው። ለራሴ ብርሃኑ ዓይኔን ይወጋኛል አልኩ፤ ውሸቴን ነው፣ እልህ ነው። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ካቢን ስገባ መጀመሪያ የማደርገው ኮፍያዬን መስቀል ሆነ።

ምልክት ሰጪዬ አንማው ነበር። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ የሁለት ልጆች አባት፣ የቡሬ ገጠር ልጅ፣ ዝምተኛ። አንድም ቀን አሳስቶኝ አያውቅም። በሬዲዮ ስሰድበው እንኳ «እሺ ጋሼ» ብሎ ነው የሚመልሰው፣ ይህም የበለጠ ያናድደኝ ነበር።

የቀን ዘበኛችን አያ ዘለቀ ናቸው። ገበሬ ነበሩ፤ ሲደክሙ እርሻውን ለልጃቸው ለቀው ወደ ጥበቃ ገቡ። ጋቢያቸውን ተከናንበው በራፉን ይጠብቃሉ። በዐቢይ ጾም ቀትር ሲቃረብ በሩን ለባልደረባቸው ይሰጡና ከሕንፃው ጀርባ ጥላው ላይ ብሎኬት አስቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። እኛ አገር ዳዊት የሚደግም ሰው አይጠራም፣ አይነካም። እሱም የጀመረውን ሳይጨርስ መልስ አይሰጥም። ሳይቱ ላይ ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ ሠራተኛው ሁሉ በዚያ በኩል ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።

መጋቢት ውስጥ አንድ ቀን ፌሮ የጫነ መኪና ዘግይቶ ቀትር ላይ ደረሰ። አንድ እስር ከመኪናው አነሣሁ፣ ክንዱን በሕንፃው ላይ አሳልፌ ወደ ጀርባ አዞርኩ። እንደ ደንቡ ነጻ ነው ወይ ብዬ በሬዲዮ ጠየቅኩ። ነጻ ነው አውርድ አለኝ አንማው። ማውረድ ጀመርኩ።

የዚያን ቀን ካቢኑ እንደ ምድጃ ነበር። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ አቃጠለኝ። ክንዱን አዙሬ ስለጨረስኩ ግራ እጄ ሥራ ፈት ነው፤ ላቤን ልጠርግበት ኮፍያዬን ከስክሪኑ ላይ አነሣሁት። ሌላ ምንም ሐሳብ አልነበረኝም። እንደ ዋዛ ስክሪኑን ባየው ከብረቱ እስር ሥር፣ በአንዱ ጎን፣ ነጭ ነገር ወጥቶ ይታያል። ሲሚንቶ ከረጢት ነው አልኩ። ነጩ ነገር ወደ ፊት ዘንበል፣ ቀና አለ። ዳዊት የሚደግም ሰው እንደዚያ ነው የሚለው። ጋቢ ነው።

ቀኝ እጄን ለቀቅኩ፣ መንጠቆው ቆመ። ብረቱ ከአያ ዘለቀ ራስ በላይ ሁለት ሰው ቁመት ያህል ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። እሳቸው ቀና ብለው እንኳ አላዩም። መልሼ አነሣሁት፣ ወደ ባዶው ሜዳ አዞርኩት፣ አስቀመጥኩት። በሬዲዮ «አፍ የለህም እንዴ?» ብዬ ጮህኩ። አንማው ያን ቀን እሺ ጋሼ አላለኝም።

ኢንጂነሯ በሰዓቱ ቢሮ አልነበረችም። ስትመለስ ፎርማኑ ነገራት፣ ቀረጻውን ከፍታ አየችው፣ ሁላችንንም ጠራችን። አንማው ለምን ነጻ ነው እንዳለ ተጠየቀ። ለአያ ዘለቀ ብረት ሊወርድ ነው ብዬ ነግሬያቸው ነበር አለ። እሳቸውም እሺ እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁለት፤ የያዙትን መዝሙር ጨርሰው ይነሣሉ ብሎ አመነ፤ ፊታቸው መቆሙን ነውር አድርጎት ጀርባውን ሰጣቸው። ለምን ዞረህ አላየህም ሲባል፣ ደግሜ መናገር አፈርኩ ብሎ አቀረቀረ። ኢንጂነሯ ከነገ ጀምሮ ሥራ እንደሌለው በዚያው ዝቅ ባለ ድምፅዋ ነገረችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ አመሰገነችኝ። ካሜራውን ባይጠቀሙበት ኖሮ ዛሬ ሬሳ እናነሣ ነበር አለች።

እጅ ነሥቼ ተቀበልኩ። እውነቱን ለመናገር ምስጋናው ደስ ብሎኛል።

ከቢሮ ስወጣ አያ ዘለቀ ደጅ ቆመው ይጠብቁኛል። የሆነውን ነግረዋቸዋል። ተጠግተው ትከሻዬን ሳሙኝ፣ እኔ ከልክያቸው ጎንበስ ስል ራሴ ላይ እጃቸውን ጫኑ።

«ልጄ፣ ዓይንህን አይንሣህ» አሉኝ። «ያየኸኝ አንተ ነህ።»

አሜን ማለት አቃተኝ። ያን ዓይን እኔ ራሴ ስንት ቀን በኮፍያ ሸፍኜው ነበር። ላብ ባያስቸግረኝ ኖሮ እኚህ ሰው ቆመው አይመርቁኝም ነበር። አንማው በዚያ በኩል የሥራ ጫማውን አውልቆ ለመጋዘን ጠባቂው ያስረክባል። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ።

ተመልሼ ቢሮ ገባሁ። ስክሪኑን በኮፍያዬ ሸፍኜ እሠራ እንደነበር፣ ያን ሰዓትም ያነሣሁት ላብ ልጠርግበት እንጂ ላይበት እንዳልነበር ነገርኳት። አንማውን ካባረርሽ እኔንም አባሪኝ አልኩ።

«ኮፍያዎን ይስጡኝ» አለች።

ሰጠኋት። ከጠረጴዛዋ ጀርባ ሚስማር ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ቅጣቱን ተናገረች። አንማው በማስጠንቀቂያ ይቆያል፤ እኔ ለአንድ ወር ከክሬን ወርጄ ከእሱ ጋር ምልክት ሰጪ እሆናለሁ፤ ክሬኑን ተለዋጩ ኦፕሬተር ይይዘዋል። ለብዙ ዓመት ኦፕሬተር ለነበረ ሰው ይህ ቀላል ውርደት አይደለም። ባለቤቴ ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፣ የአያ ዘለቀን ነገር ስነግራት ግን አለቀሰች።

ታች በወረድኩ በሦስተኛው ቀን ሌላ ፌሮ መጣ። አንማው መኪናው ዘንድ እስሩን ያስጠብቃል፣ እኔ ከሕንፃው ጀርባ ሬዲዮ ይዤ ቆሜያለሁ። ያ ሁሉ ቢደርስም የልማድ ነገር ሆኖ፣ አያ ዘለቀ ያችው ብሎኬት ላይ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ። አያ ይነሡ ልል አፌን ከፈትኩ፣ ቃሉ አልወጣም። ሳይቱን ሁሉ የምሳደብ ሰው፣ አንማውን አፍ የለህም ያልኩ ሰው፣ እንደ እሱ ድርቅ ብዬ ቀረሁ። ከላይ ኦፕሬተሩ ነጻ ነው ወይ ይላል።

«አይደለም» አልኩት። «ከመኪናው እንዳታነሣ። ጠብቅ።»

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ፣ ፎርማኑ ምን ሆናችሁ አለ። ጠብቁ አልኩ። ጥቂት ቆይተው አያ ዘለቀ ዳዊቱን ዘጉ፣ ማኅደሩ ውስጥ ከተቱት፣ ቀና ብለው አዩኝ።

«እኔን ነው የምትጠብቀው?»

«አዎ አያ።»

«ይህ ሁሉ ሰው?»

«ሁላችንም።»

ተነሥተው ብሎኬቷን በሁለት እጃቸው አነሡ፤ ላግዝዎ ብል እምቢ አሉ። ይዘዋት ሄደው በራፉ አጠገብ አስቀመጧት። ከዚያ ቀን በኋላ ዳዊት የሚደግሙት እዚያ ሆነ። እኔም ያን ዕለት የሕንፃውን ጀርባ ዞሬ አየሁ፣ አንድ ጊዜ ደገምኩና አየሁ፣ ነጻ ነው አልኩ።

ኮፍያዬ ሕንፃው እስኪያልቅ ሚስማሩ ላይ ነበር። አሁን ካቢን መውጣት ትቻለሁ፣ ጉልበቴ እምቢ ብሏል፤ አዲስ ኦፕሬተሮችን አሠለጥናለሁ። አሠልጣኜ የነገረኝን እነግራቸዋለሁ፣ ከራሴ ደግሞ ይህን እጨምራለሁ። ስክሪኑን አትሸፍኑ። ሰው ሳይነሣ ነጻ ነው አትበሉ። ማስነሣት ካቃታችሁ እንዳቃታችሁ ተናገሩና ጠብቁ። ብረት ቢጠብቅ ምንም አይሆንም።