ከሰማያዊው በር ያልለቀቀው ግጥም

ስደርስ ወንድሜ ምላጭ ይዞ ከሚኒባሱ የኋላ በር ፊት ቆሟል። የመጀመሪያውን ፊደል ፍቆ አንሥቶታል፤ ከፊደሉ ጋር ግን ጥፍር የምታህል ሰማያዊ ቀለም አብራ ተነሥታለች። ከሥር ብረቱ አፍጥጦ አየኝ።

«አንት ሰውዬ! ቀለሙን እየላጥኸው እኮ ነው!»

«ያንተን ጉድ ነው የምልጠው» አለኝ ዘወር እንኳ ሳይል።

እውነቱን ነው፤ ጉዱ የኔ ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት ከፍኖተ ሰላም ቡሬ የሚመላለስበትን ይህን ሚኒባስ ሲገዛ እኔ ደብተር ጀርባ ላይ ግጥም የምሞነጫጭር የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። «ሰው የሚያስቅ ነገር ጻፍልኝ፣ ከኋላ ላስለጥፈው» አለኝ። ጻፍሁለት። ማስታወቂያ ሠሪው በቢጫ ላስቲክ ቆርጦ ለጠፈው፦

ልጄን አልሰጥም ያልክ አባት ሆይ ስማልኝ፣
በሩን ብትዘጋባት በመስኮት ትምጣልኝ።

ሰው ሳቀ። መናኸሪያ ውስጥ ረዳቶች እየተቀባበሉ አዜሙት። እኔም ግጥሜ መኪና ተሳፍሮ አገር ሲዞር እያየሁ ደረቴን ነፍቼ ከረምሁ።

አሁን ወንድሜ ሚስት ሊያገባ ነው። ልጅቱ ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ናት። እሑድ ሽማግሌ ሊላክ ተቆርጦ ሳለ ዓርብ ዕለት ከአባትዬው መልእክት መጣ፦ «ሽማግሎቹ በመኪናው ይምጡ። መኪናውን ላየው እፈልጋለሁ።»

ነገሩ ለማንኛችንም እንግዳ አልነበረም። በእኛ አገር ልጅ ከመስጠት በፊት በሬ ይጠየቃል፤ ስንት ነው፣ ጫንቃውን ቀንበር ልጦት እንደሆነ ይታያል። የቆሰለ በሬ የባለቤቱን እጅ ያሳብቃል። የሾፌር በሬው ደግሞ መኪናው ነው። ስለዚህ ግጥሙ መነሣት አለበት፤ ቀለሙ ደግሞ መቁሰል የለበትም። ያለን ቀን ቅዳሜ ብቻ ነው።

ላህ ወንዝ ዳር መኪና አጥቤ ሁለት ክረምት ስላሳለፍሁ እጄ ትንሽ ያውቃል። ምላጩን ነጥቄ ወረወርሁት። መኪናውን ፀሐይ ላይ አቆምነው። ፍል ውኃ ውስጥ የነከርነውን ጨርቅ ፊደሎቹ ላይ እየለጠፍን ሙጫው እስኪለሰልስ ጠበቅን። ከዚያ የጆንያ መስፊያ ክር በሁለት እጄ ወጥሬ ከፊደሉ ሥር አስገባሁና እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ ሳብሁት። ክር ብረት አይጭርም። ፊደሉ ተንጠራርቶ፣ ተንጠራርቶ ይለቃል።

«ቤንዚን ላምጣ? በአንድ ጊዜ ይጠርገዋል» አለ ወንድሜ።

«አዎ፣ ወዙንም አብሮ ይጠርገዋል።»

የቀረውን ሙጫ የኑግ ዘይት ቀብተን አቆየነው፤ ሲላላ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ፣ በአውራ ጣት፣ ቀስ እያልን አሸነው። ሠላሳ ዘጠኝ ፊደል ነው። ቀድሞ ግጥም ስጽፍ ፊደል ቆጥሬ አላውቅም ነበር። ወደ ዘጠኝ ሰዓት የመጨረሻው «ኝ» ለቀቀ። ከወንድሜ ምላጭ ጭረት በቀር በሩ ላይ እንከን አልነበረም። በሳሙና አጠብነው፣ አደረቅነው፣ ራቅ ብለን ቆምን።

ግጥሙ እዚያው ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ፀሐይ ሰማያዊውን አደብዝዞት ኖሮ፣ ፀሐይ ያልነካው ከፊደሎቹ ሥር ያለው ብቻ ነው። ቢጫው ሄዶ በቦታው ጥቁር ሰማያዊ ፊደል ቁጭ ብሏል። በእጄ ዳሰስሁት፤ ምንም የለም፤ ልስልስ ያለ ነው። ዓይኔ ግን ቁልጭ አድርጎ ያነብበዋል።

ወንድሜ መሬት ላይ ዘፍ አለ። የሽማግሎቹ መሪ የሆኑት አጎታችን በዚያው ሰዓት መጡና መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት።

«እሰይ! እንዲያውም አሁን አማረበት» አሉ።

«አጎቴ፣ ይተዉ እንጅ! እዚህ ሰው እየሞተ ነው» አለ ወንድሜ።

«ጭቃ እንዳንለቀልቀው፣ ቆሻሻ መኪና ነው ይባላል። በሉ፣ ጀርባውን ለአጥር ሰጥተን እናቆመዋለን።»

ከዚህ የተሻለ ብልሃት አላገኘንም።

ሚስት ጠያቂ ራሱ አብሮ አይሄድምና እሑድ ጠዋት የነዳሁት እኔ ነኝ። ወንድሜን ማንኩሳ ሻይ ቤት ጥለነው አለፍን። የአባትዬው ግቢ ስንደርስ ጀርባውን ከቅንጭብ አጥሩ ጋር አስጠግቼ አቆምሁ፤ ድመት እንኳ አታልፍም። ሽማግሎቹ ወግ ባለው መንገድ ቆመው ልመናቸውን አቀረቡ። አባትዬው፣ ቀጭን፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ ሰው፣ ሰምተው ሲጨርሱ ወደ መኪናው መጡ። ጎማውን ረገጡ። በእጃቸው ጎኑን ዳበሱት።

«ፊቱ ደግ ነው» አሉ። «በሬ ግን ከኋላም ይታያል። ወደ ፊት ሳበው እስኪ፣ ልጄ።»

አጎቴን አየሁ። አጎቴ ሰማዩን አዩ። ሳብሁት።

አባትዬው ከበሩ ፊት ቆሙ። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ በሩን ሳያዩ፣ ግጥሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃላቸው አሉት።

«ማሳዬ አስፋልቱ ዳር ነው» አሉ። «ቀና ባልሁ ቁጥር ይህ መኪና ልጅህ በመስኮት ትምጣልኝ እያለኝ ያልፋል። ጠያቂው የዚህ መኪና ባለቤት ነው ሲሉኝ ነው መኪናው ይምጣ ያልሁ። የማን ግጥም ነው?»

«የኔ ነው፣ አባባ።»

«እንደ ለጠፋችሁት ብታመጡት ሽማግሎቹን ውኃ ሳላጠጣ እሸኛቸው ነበር።» ጣታቸው ጭረቷ ላይ አረፈ። «ይህችስ?»

መዋሸት ፈለግሁ፤ አልመጣልኝም። «ወንድሜ ነው። በምላጭ። ቸኩሎ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ተወው። የቀረውን በፍል ውኃ፣ በክርና በኑግ ዘይት ነው ያነሣነው። ቀኑን ሙሉ አብሮኝ አሸ።»

«መተው ማወቁ ደግ ነው። ያልለቀቀው የፀሐይ ሥራ ነው፤ የእናንተ አይደለም» አሉና ወደ ሽማግሎቹ ዞሩ። «የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ።» ሁለት እርምጃ ሄደው ግን እንደገና ወደኔ ዞሩ። «ለመሆኑ ልጄ፣ ቤቴን እየው እስኪ። መስኮት አለው?»

አየሁ። ክብ፣ ጭቃ ልስን፣ የሳር ክዳን ቤት። አንድ በር። መስኮት የለውም። ሽማግሎቹ ሳቃቸውን ለቀቁት፤ አጎቴማ ዱላቸው ከእጃቸው ወደቀ።

ማንኩሳ ስንደርስ ወንድሜ ሻዩን ጥሎ ሮጠ። «ምን አሉ?»

«ለሁለት ሳምንት ቀጥረውናል» አሉ አጎቴ። «እምቢ ያለ ሰው ቀን አይቆርጥም።»

ወንድሜ ዘሎ ከጎኔ ገባና ፊቴን አይቶ ደነገጠ። «አንተ ደግሞ ምን ሆነሃል? መንፈስ ያየህ ትመስላለህ።»

ከማንኩሳ እስከ ፍኖተ ሰላም ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉትን የሳር ቤቶች እያየሁ ነዳሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳልፍባቸው የኖርሁ ቤቶች ናቸው። አንዱም መስኮት አልነበረውም።